ውሃ የሚጠጣው መኪናዬ

መኪናዬን የገዛሁት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው። በፈረንጆቹ 1998 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን ሲሆን ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነው። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበሩ። ለማየት በቀጠሩኝ ጠዋት ግቢያቸው ስደርስ ሞተሩ ተነሥቶ እየሠራ ነበር፤ «በዚህ ብርድ እንዳትቸገሪ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩሽ» አሉኝ፤ እኔም ከልቤ አመሰገንኳቸው። ቀለሙን አየሁ፣ ወንበሩን ዳሰስኩ፣ ሬዲዮውን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ሊብሬውን አገላበጥኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ። ኮፋኖውን ከፍተው ሲያሳዩኝ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ ብረት ከማየት በስተቀር ምንም አላስተዋልኩም።

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮ ውስጥ 50 ሳንቲም ብትጎድል የት እንደገባች ሳላገኝ አላድርም። ይኸው ሰው ግን የሞተሩ ውሃ ከሚቀዘቅዝበት ከመኪናው ራዲያተር በየሳምንቱ ውሃ ሲጎድል ስምንት ወር ሙሉ «የት ሄደ?» ብሎ ሳይጠይቅ ኖረ። ከዚህ በታች የምተርከው ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ በመቅረቱ የደረሰብኝን ነው፤ መካኒክ ስላልሆንኩ የምነግራችሁ ሁሉ ባለቤት የሆነ ሰው በገዛ ዓይኑ ሊያየውና በገዛ እጁ ሊሠራው ከሚችለው አያልፍም።

ጉድለቱን ያወቅሁት በመጀመሪያው ወር ነበር። ከሞተሩ አጠገብ ያለችው የተጠባባቂ ውሃ መያዣ ፕላስቲክ ባዶዋን አገኘኋትና ለጎረቤቴ ብነግረው «አሮጌ መኪና ውሃ ይጠጣል፤ እየሞላሽ መንዳት ነው» አለኝ። ምክሩ ቀላል ስለነበረ ወደድኩት። ከዚያ ጀምሮ በሁለት ሃይላንድ የቧንቧ ውሃ ሞልቼ ከኋላ ወንበር ሥር ማስቀመጥ ልማዴ ሆነ። መጀመሪያ በሁለት ሳምንት አንዴ እሞላ ነበር፤ ቆይቶ በየሳምንቱ ሆነ፤ ከጥምቀት በኋላ በሳምንት ሁለቴ ደረሰ። ዛሬ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ይህ የመፍጠን ነገር ነው። አንድ ቀን ቦሎ ከማሳደሴ በፊት ለምርመራ እንዲያዘጋጁልኝ አንድ ጋራዥ አስገብቼው ነበር። ስለ ውሃው ሳነሳ አንድ ወጣት ቴርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ፈትቶ አወጣና «ይኼ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፤ ለእኛ አገር አያስፈልግም፤ አሁን ውሃው እንደ ልብ ይዞራል» ብሎ አስረከበኝ። የተሰጠኝን ዕቃ በኪሴ ይዤ ገንዘብ ከፍዬ ወጣሁ። ውሃው ግን መጉደሉን አልተወም፤ ቤንዚኑም ጨመረ።

በ2011 ዓ.ም. የጸሎተ ሐሙስ ዕለት እናቴንና የእህቴን ልጅ ይዤ ፋሲካን ለመዋል ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሣሁ። ጎሃ ጽዮን ድረስ ያለ ችግር ሄድን። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ለፍሬንም ለሞተርም ከዚህ የበለጠ ፈተና ያለ አይመስለኝም። እኔ ነዳጅ ቆጠብኩ ብዬ ማርሹን ፎሌ አድርጌ (ከሞተሩ አላቅቄ)፣ እግሬን ከፍሬን ሳላነሣ ወረድኩት። ግማሽ መንገድ ላይ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አለኝ፤ የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ነበር። ድልድዩ ሊታይ ሲቃረብ የፍሬኑ ፔዳል ለወትሮው ከሚቆምበት አልፎ ልስልስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ደጋግሜ ስረግጠው ያዘልኝ፤ እናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ ዝም አልኩ።

ከድልድዩ በኋላ ሽቅቡ ተጀመረ። ጊዜው ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ነበር፤ በረሃው ይፋጃል፤ ኤሲው ተከፍቷል። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከመሐል ተነሥታ ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ መስመር ስትጠጋ አየኋት። መቆም ነበረብኝ። ነገር ግን «ደጀን ምን ቀረው? እዚያ ደርሰን እናሳርፈዋለን» ብዬ ነዳሁ። መርፌዋ ቀዩን ነካች። ጥቂት እንደሄድን ግን ሽቅቡ ሳያልቅ፣ ፍጥነቴም ሳይቀንስ፣ በራሷ ጊዜ ወርዳ ከመሐል በታች ሆነች። «ተመስገን» አልኩ፤ እናቴም ተከትላ አማተበች።

እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ። መርፌዋ የወረደችው ሞተሩ ስለ ቀዘቀዘ አልነበረም፤ ውሃው አልቆ ስለነበረ ነው። ሙቀቱን የሚለካው መሣሪያ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ በመሆኑ ውሃው ሲሸሸው የሚያነበው ነገር ያጣል። የሞቀ ሞተር ሽቅብ እየወጣ ድንገት «ቀዘቀዝኩ» ቢላችሁ አትመኑት፤ እዚያው አጥፉት። እኔ ስላመንኩት ሌላ አሥር ደቂቃ ነዳሁ። ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ የሚመስል ድምፅ አሰማ፣ ከኮፋኖው ሥር ነጭ እንፋሎት ፈነዳ፣ ጠፋ።

ወርጄ ኮፋኖውን ከፈትኩና በሻርፕ እጄን ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ልይዘው ስል ከኋላዬ የቆመ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ሹፌር ጮኹ፤ «ልጄ፣ እጅሽን አንሺ! ክዳኑን እንዳትነኪው!» ፀጉራቸው የሸበተ፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሰው ናቸው። የቀረው ውሃ ታፍኖ እንዳለና ክዳኑ ሲላላ ፊቴን እንደሚገሸልጠው ነግረውኝ ረዳታቸውን ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደረጉት። ከዚያ ሁላችንም ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከ40 ደቂቃ በላይ ጠበቅን። ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ በላዩ እንዳፈስበት አልፈቀዱልኝም፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። መርፌዋ ገና መሐል ስትለቅ ኤሲውን ማጥፋት፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ መክፈት፣ ጥግ ይዞ መቆም እንደነበረብኝ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ማሞቂያው የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ስለሚስበው በረሃ ላይ ያቃጥላል፤ ሞተሩን ግን እስክትቆሙ ድረስ ያቆየዋል። ስለ ፍሬኑም ጠየቁኝ፤ በፎሌ እንደወረድኩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ሽቅብ በምትወጪበት ማርሽ ነው ቁልቁል የሚወረደው» አሉ።

ሞተሩ ሲበርድ ውሃ ጨምረን አስነሣነው። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ እንደማይሠራ ሆኖ ተንቀጠቀጠ፤ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ወጣ፤ በራዲያተሩ አፍ ውሃው እንደሚፈላ ድስት አረፋ ደፈቀ። ሹፌሩ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው አሳዩኝ። ከሥሩ የተጋገረው ነገር ቁርጥ ማኪያቶ ይመስላል። «ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ከእንግዲህ እንዳትነጂው» አሉኝ። እናቴንና ልጁን በሚኒባስ አሳፍሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ላክሁ፤ እኔ በዕለተ ስቅለት መኪናዬን በአይሱዙ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

የወሰድኩበት መካኒክ ብዙ የማይናገር፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተሩን ክፍል፣ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠው በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሞበት ከሥሩ እንደ ወረቀት የሳሱ የብረት ቅጠሎችን እያፈራረቀ ያስገባ ጀመር። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ የእኔ ቴስታታ 0.15 የሆነውን ቅጠል ያለ ችግር አሳለፈው። ከሥር ያለው የሞተር አካል ብረት ሲሆን ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ሲበዛ መጀመሪያ የሚጣመመው እርሱ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠልና ውሃው ወደ ዘይቱና ወደ ሲሊንደሩ መንገድ ያገኛል። ቴስታታው ሬቲፊካ (የሞተር ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ቤት) ተልኮ ተስተካከለ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ዘይቱ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። ሞተሩ አንዴ ከተከፈተ ብሎ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረውን የታይሚንግ ቺንጋም ቀየረው፤ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ስላልነበረ ትክክል ነበር። ከነማጓጓዣው 21,400 ብር ከፈልኩ።

ሒሳቡን ከዘጋን በኋላ አሮጌውን የራዲያተር ክዳን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሥሩ ያለው ቀለበት ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ሞላውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ሳይታገለኝ ገባ። «እህቴ፣ ውሃሽ ይጠፋ የነበረው በዚህ ነው» አለኝ። ክዳን እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ እንደ ድስት ክዳን ነበር የምቆጥረው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤናማ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ሲሆን፣ ደህና ክዳን በእኛ ከፍታም ቢሆን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ይገፋዋል። ክዳኑ ሲላላ ግን ሞተሩ ምንም ሳይታመም ውሃው ይንተከተካል፣ በእንፋሎት ይወጣል፣ ይጎድላል። እንግዲህ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ስለዚህ ክዳን ከሌላው የበለጠ ልንጠነቀቅ ይገባን ነበር። አዲሱ ክዳን 180 ብር ነበር።

ቴርሞስታቱንም መለሰው። በ82 ዲግሪ የሚከፈተው ይህ ዕቃ ሞተሩ ቶሎ ሞቆ በትክክለኛው ሙቀት እንዲሠራ ያደርጋል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ውስጥ ደግሞ ሲከፈት የውሃውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ ከነጭራሹ ሲወጣ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ይዞራል። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚላችሁ ካለ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሩብ ሰዓት እሰጠዋለሁ። የውሃው ሥርዓት ዝግ ነው፤ ደህና ከሆነ ወር ሙሉ ጠብታ ላይቀንስ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ሞልታችሁ በሳምንቱ ጎድሎ ካገኛችሁት ውሃ መጨመሩ መልስ አይደለም። ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን ዘርግታችሁ እደሩ። ጠዋት ነጠብጣብ ካለ ቦታው ራዲያተሩ፣ ቱቦው ወይም የውሃ ፓምፑ መሆኑን ይጠቁማችኋል፤ ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከጎደለ ክዳኑን ቀይሩ፤ ክዳኑ ተቀይሮም ከጎደለ ያለ ማመንታት ለመካኒክ አሳዩ። ከቧንቧ ውሃም ተላቀቁ። ውስጡን ያዝገዋል፣ ነጭ ቅርፊትም ይሠራበታል፤ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሎ መሙላት ይሻላል። ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ባለው ደብተር ላይ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የጨመርኩትን መጠን እጽፋለሁ። ይህ የሙያዬ አመል ነው፤ ነገር ግን በስምንት ወሩ ይህ ደብተር ቢኖረኝ ኖሮ ጉድለቱ መፍጠኑን በአንድ ገጽ ላይ አየው ነበር።

የመጀመሪያው የእጅ ሥራዬ የአየር ፊልትሮ መቀየር ነበር፤ አራት ማያያዣ ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ምንም የለውም፤ በአቧራማ መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ሥራዬ ባትሪ ነበር፤ እዚያ ላይ ተሳሳትኩ። ጫፉ ላይ የተከመረውን አረንጓዴና ነጭ ብናኝ ላጥብ ብዬ መጀመሪያ የፖዘቲቩን ቡሎን መፍታት ጀመርኩ፤ መፍቻው ዞሮ የመኪናውን አካል ሲነካ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ እጄ ላይ ቀለጠ ልበል! መፍቻው ላይ የቀረው ጉድጓድ አሁንም አለ። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ብናኙን በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ብታጥቡት ይለቃል፤ አድርቃችሁ ግራሶ ቀቡት።

ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ስትቀይሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል፤ አዲሱን ካንዴላ መፍቻ ሳትጨምሩ በጣታችሁ እያዞራችሁ እስከ መጨረሻ አስገቡት። በጣት አልገባ ካለ ጠሟል ማለት ነውና አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ቀለበት ያለው አዲስ ካንዴላ ከተቀመጠ በኋላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሥሩ፤ አራቱንም በአንዴ ነቅዬ የትኛው የት እንደነበረ ለማወቅ ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ጊዜ ነበር።

ዕቃ ለመግዛት ሱማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ጽፋችሁ ሂዱ። ነጋዴው «ኦሪጅናል ነው ወይስ ዱባይ?» እያለ ከሚደረድርላችሁ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። ራዲያተር ክዳን ላይ የግፊቱ ቁጥር ተጽፏል፤ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ዘይትን በተመለከተ የቆርኪው ማኅተም ያልተነካ መሆኑን አረጋግጡ፤ እኔ ዘይት ካስቀየርኩ በኋላ ባዶውን ጀሪካን ሳልበሳ አልጥልም፤ ሌላ ሰው ሞልቶ መልሶ እንዳይሸጥበት ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አስቀይራለሁ። ጎማ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

የፍሬኑን ነገር አልረሳሁትም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው እስከ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ልስልስ ያለብኝ ፍሬኑ ግሎ ዘይቱ ስለፈላ ነበር፤ የእኔ ዘይት እንደ ጠላ ጠቁሮ ነበር። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት። የፍሬን ሸራውን ግን በቸርኬው ቀዳዳ እያያችሁ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ለባለሙያ ስጡት፤ እኔ ፍሬን በራሴ አልፈታም። ከመኪና ሥርም በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሳለ አልገባም፤ እናንተም አትግቡ።

በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንደ እኔው ያሉ አሮጌ ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ይኖራሉ። ዘመዶቼ መኪና ሊገዙ ሲሉ ይዘውኝ መሄድ ጀምረዋል። እኔም ሻጩን በዋዜማው ደውዬ መኪናውን ጠዋት እንዳያስነሣ እለምነዋለሁ፤ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ነጭ ጭሱን፣ መንቀጥቀጡንና የአረፋውን ነገር አይደብቅም፤ ክዳኑም ያለ አደጋ ይከፈታል። ስደርስ ሰላምታ ሰጥቼ ከመቀመጤ በፊት እጄን ኮፋኖው ላይ አሳርፋለሁ። ሞቆ ካገኘሁት፣ ሻጩ እንደ እኔው ሻጭ ጨዋ ሰው ቢሆኑም እንኳ፣ አመስግኜ ለሌላ ቀን እቀጥራለሁ።